ሲክስተን የሰማው ተኩስ

ግራንሳንድ ውስጥ ዛሬም ድረስ አሳ ሊገዙ እኔ ጋ የሚቆሙ ሰዎች የወንድሜን ስም ሳያነሱ አይሄዱም። የሚብሱት ደግሞ ያኔ ያልነበሩት ናቸው። "ሲክስተን ብሩማን እኮ በስቶክሆልሙ ውድድር ለአገሩ ይሮጥ ነበር፤ ያ አስጀማሪ፣ ያ ደወል ደዋይ ሽማግሌ ነው ዕድሉን የቀማው" ይሉኛል። ለእኔ! ለገዛ እህቱ! ቢላዬን አስቀምጬ እጄን በሽርጤ እጠርግና እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ስለ ወንድሜ የፈለጋችሁትን አውሩ፣ አጎቴ አልቢንን ግን አትንኩብኝ። እኚያ ሰው በዕድሜያቸው የማንንም ዕድል ቀምተው አያውቁም። ነገሩን ማወቅ ካማራችሁ አሳው እስኪጨስ ቁጭ በሉና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሲክስተን ታናሼ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ ስለዚህ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በልጅነቱ ሲሮጥ የታየው ከሥራ ነው። እንጨት ፍለጥ ሲባል የለም፤ ውሃ ቅዳ ሲባል የለም። ምሳ ደረሰ ሲባል ግን ከየት መጣ ሳይባል ማዕዱ ላይ ተሰይሟል። የት ነበርክ ስለው ጆሮውን እሽት እሽት ያደርግና አንድ ውሸት ይፈጥራል። ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ከፍ ሲል እንደ ማንኛውም የሰፈራችን ወንድ እንጨት መሰንጠቂያው ገባና ሳንቃ ደርዳሪ ሆነ። ሳንቃ መደርደር ወገብ ይቆርጣል፤ የእሱ ወገብ ግን ገና ሳንቃውን ሲያየው ነበር የሚቆረጠው።

እንግዲህ በዚያን ሰሞን ነው የስፖርት ነገር እንደ ጉንፋን አገሩን ሁሉ የያዘው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ኖርደን፣ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ከአልጋው እስከ ሱቁ እንኳ ሮጦ የማያውቅ ሰው፣ የስፖርት ማኅበር አቋቋመና ራሱን ሊቀመንበር አደረገ። ከመሰንጠቂያው ጀርባ፣ ሳንቃው ከሚደረደርበት ጎን፣ መሬት ደልድለው የከሰል አመድ አፈሰሱበትና የሩጫ መም አሉት። በሰኔ፣ ፀሐይ አልጠልቅም በምትልበት ሰሞን፣ በቅጠል ያጌጠውን ምሰሶ ተክለን በምንጨፍርበት ቀን የመቶ ሜትር ውድድር ተደረገ። ሲክስተን ገባ፣ አሸነፈም። ያውም በሰፊው! እኔም ከሰው ጋር ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ከሰውዬው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አበሳ ሆነ። ውሃ ቅዳ ስለው፣ "ትከሻዬ ይጠነክራል፣ የሯጭ ትከሻ ልል መሆን አለበት" ይለኛል። እንጨት ፍለጥ ስለው፣ "እጄ ይሻክራል።"

"በእጅህ ነው እንዴ የምትሮጠው?"

"ቴክላ፣ ይሄ ሳይንስ ነው። አንቺ አይገባሽም።"

ሳይንስ! የማባዛት ሰንጠረዥ ያስለቀሰው ሰው ሳይንስ አለኝ። የከተማው ሴቶች እንቁላል ያመጡለታል፤ ጥሬውን እየሰበረ ይጠጣል። እግሩን የፈረስ ቅባት እየተቀባ ያሻል፤ ቤታችን ጋጣ ጋጣ ሸተተ። ይህን ሁሉ ተቀብቶ ሲያበቃ ደግሞ፣ "አሳ አሳ ትሸቻለሽ፣ ራቅ በይ" የሚለው እኔን ነው። ሽልማቱ የብር ማንኪያ ነበር። ማንኪያዎቹን ሰው እንዲያይለት መንገድ ዳር ባለው መስኮት ላይ ደረደራቸው፤ እኛ ግን የምንበላው በእንጨት ማንኪያ ነው። አንድ ቀን በአንዷ ሾርባ ብቀምስባት ሊያብድ ምንም አልቀረው።

የአካፋውን ነገርማ አታንሱብኝ። ሯጮች ከመነሳታቸው በፊት የእግራቸው ጣት የሚያርፍበት ትንሽ ጉድጓድ ይምሳሉ። ሌላው በጫማው ጭሮ ይጨርሳል። የእኔ ጌታ ግን አካፋ አሠራ! እጀታዋ የቀንድ፣ ከሾርባ ማንኪያ የማትበልጥ አካፋ፣ ያውም ከነቆዳ ማኅደሯ። ተንበርክኮ በቀስታ ሲምስ ያየ ሰው ድንች ሊተክል ነው የመጣው ይል ነበር። ሰዉ ግን፣ "አያችሁ ጥንቃቄውን!" እያለ ይደነቃል። የመሰንጠቂያው ጌቶችም ከሳንቃው አንስተው ቢሮ አስገቡት፤ ሥራው ወንበር ማሞቅ ሆነ።

አሁን ልብ አድርጉልኝ። ግራንሳንድ ላይ ለዓመታት የሚደርስበት ጠፋ። ከግራንሳንድ ሲወጣ ግን ሰውዬው ሌላ ሰው ነው። ሱንድስቫል ሄደ፣ አራተኛ ወጣ። መሬቱ ጠንካራ ነው አለ። ዬቭሌ ሄደ፣ ጭራ ሆነ። የበላሁት ቋሊማ ነው አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጆሮውን እያሸ፣ "ባቡሩ ውስጥ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ስለተቀመጥኩ ደሜ በተቃራኒው ዞረ" አለኝ። እናንተው ፍረዱ! ኖርደን ደግሞ ጋዜጣው ላይ "በሕመም ምክንያት" ብሎ ያጽፍለታል። ከተማው ይህን እያነበበ፣ "አይ ልጃችን፣ ጤና ቢሰጠው ኖሮ!" ይላል።

አጎቴ አልቢን የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። እኔ ከእሳቸው ጋር ዝምድና የለኝም፤ ከተማው በሙሉ አጎቴ ስለሚላቸው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ነበሩ። አንድ እሁድ ደወሉን አዘግይተው ደወሉና ሰኞ በየቤቱ እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ኖርደን አስጀማሪ ሲፈልግ፣ "ማንም የማይጠረጥረው ሰው እንፈልጋለን" ቢል፣ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "አጎቴ አልቢን!" አለ። ሽጉጡን ሲሰጧቸው እንደ ቅዱስ ነገር ነው የተቀበሉት። ንብረትም ዘመድም የሌላቸው ሰው ናቸው፤ ያላቸው ሀብት ይኼ ስማቸው ብቻ ነበር።

አንድ ድክመት ነበረባቸው። ያ ሁሉ ደወል ከራሳቸው በላይ ሲያጓራ ቅንድባቸው የማይነቃነቅ ሰው፣ ሽጉጥ ያስደነግጣቸዋል። ራሳቸው የሚተኩሱት ሽጉጥ! ስለዚህ ልባቸው እንዲጸና ሱረት፣ ያን እርጥብ የትምባሆ ዱቄት፣ ይወትፋሉ። "ቦታችሁን ያዙ" ይላሉ። "ተዘጋጁ" ይላሉ። በቀኝ እጃቸው ሽጉጡን ሽቅብ አንስተው፣ በግራ እጃቸው ያድበለበሉትን ሱረት ከላይኛው ከንፈራቸው ሥር ውትፍ፤ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጥርግ፤ ዓይናቸውን ጭፍን፤ ከዚያ ጧ! ዘወትር እንዲሁ ነው፤ እንደ ቅዳሴ አይዛነፍም።

ውድድር ሲኖር ሰው ሁሉ መጨረሻው ጋ ይሰበሰባል፤ ሲክስተን የሱፍ ክሩን በደረቱ ሲበጥስ ለማየት። እኔ ግን ጥላ ስላለው አሳዬን የምሸጠው መነሻው ጋ ነው። አንድ ዓመት ገዢ ጠፍቶ እጄን አጣምሬ ቆሜ ሳለ ነገሩን አየሁት። ሲክስተን ሽጉጡን አይጠብቅም። አጎቴ አልቢን ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ሲጠርጉ የእሱ ተረከዝ ይነሳል። ጧ ሲል እሱ ከጉድጓዱ ወጥቷል፤ ሌሎቹ ገና ሊነሱ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አያዩም። የሱ መስመር ደግሞ ሁልጊዜ ከእሳቸው ሱሪ አጠገብ ያለው ነው፤ ኖርደን የአሸናፊ መስመር ብሎ የሰጠው። ሱንድስቫል ላይ ታዲያ የማን ሱሪ ያስነሳው?

የዚያን ዕለት እራት ላይ ነገርኩት።

"ሲክስተን፣ አንተ በተኩሱ አይደለም የምትነሳው። በአጎቴ አልቢን ሱረት ነው።"

"በምን?"

"በሱረት! ጣታቸውን ሲጠርጉ ትነሳለህ። በዓይኔ ነው ያየሁህ።"

ድንች በአፉ ሞልቶ ሳቀ። "ያ ጢስ አናትሽ ላይ ወጥቷል መሰለኝ። እኔ ሽማግሌውን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። እኔ ያለኝ ጆሮ ነው! ኖርደን እንኳ እንዲህ ያለ ጆሮ ከሚሊዮን አንድ ነው ብሏል።"

"ታዲያ ሱንድስቫል ስትሄድ ጆሮህን ቤት ነው የምትተወው?"

"ቅናት ነው" አለኝ። "ባል ያጣች ሴት ምን ታድርግ።"

ድንቹን ከፊቱ አነሳሁበት። እሱ ግን እንቁላሉ ስላለ አልጎደለበትም።

ከዚያ የ1912 በጋ መጣ። ስቶክሆልም ላይ የዓለም ሯጮች ሊሰበሰቡ ነው፤ ከየአውራጃው የሚሄድ ሰው ይመረጣል። ለሰሜኑ የሚደረገው ማጣሪያ የት ይሁን ሲባል፣ ኖርደን ወጥቶ ወርዶ ግራንሳንድ ይሁን አስባለ። አንደኛ የወጣ ይሄዳል፣ አለቀ። ከተማው ሰርግ ቤት ሆነ። አጥር ተቀባ፣ መንገድ ተጠረገ። የሲክስተን ኩራትማ ሌላ ነው፤ በመንገድ ሲያልፍ ስቶክሆልም ደርሶ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ወደ እኔ መጥቶ፣ "ያን ቀን አሳ እንዳታጨሺ፤ ጌቶቹ ይሸታቸዋል" አለኝ።

"የስቶክሆልም ጌቶች አሳ አይበሉም እንዴ?"

"ይበላሉ፤ አያሸቱም።"

በዚህ መሀል አጎቴ አልቢን አሳቸውን ሊወስዱ ገቡ። ከንፈራቸው እንደ ልማዱ በሱረት አብጧል። ሲክስተን አየት አደረጋቸውና አፍንጫውን ነፋ።

"አጎቴ አልቢን፣ ያን ቀን እንኳ ይህ ሱረት ይቅርብዎ።"

"እንዴት ልጄ?"

"የሚመጡት ጌቶች ናቸው። ጥቁር ምራቅ በከንፈርዎ ላይ ሲወርድ ቢያዩ ምን ይሉናል? ከበረት የወጡ ናቸው ነው የሚሉን።"

አጎቴ አልቢን ፊታቸው ቀላ። እጃቸውን ወደ ከንፈራቸው ሰደዱና ጠረግ አደረጉት። "እውነትህን ነው" አሉ። "አላሰብኩትም።"

"ተዋቸው!" ብዬ ጮህኩ። "አንተ ሰው፣ የገዛ እግርህን ነው የምትቆርጠው! ሱረታቸውን ተውላቸው!"

"አንቺ አሳሽን ያዢ።"

"ግድ የለም ቴክላ" አሉ አጎቴ አልቢን። "ለአንድ ቀን ነው። ለልጁ ስል።" እንዳያስጎመጃቸው ብለው የሱረት ቆርቆሯቸውን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ክዳኗ ከመዳሰስ ብዛት አልቆ እንደ መስታወት ያበራል። መደርደሪያዬ ላይ ከጨው ዕቃው ኋላ አኖርኳት።

የማጣሪያው ቀን ጌቶቹ በነጭ ባርኔጣ መጥተው ወንበር ላይ ተደረደሩ። የመሰንጠቂያው ማርሽ ባንድ ቆሟል፤ ልማዱ ሲክስተን ሲነሳ እሱን አይቶ መንፋት ነው። ሲክስተን አካፋውን ከማኅደሯ አውጥቶ ጉድጓዱን ማሰ። አጎቴ አልቢን በጥቁር ኮት፣ በደረቀ አንገትጌ፣ በንጹሕ ከንፈር። ግራ እጃቸው የሚሠራው አጥቶ ኮታቸው ጎን ተጣብቋል።

"ቦታችሁን ያዙ!" አሉ። "ተዘጋጁ!" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጧ!

ሁሉም ሄደ፤ ወንድሜ ቀረ። አዎ፣ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ቁጢጥ ብሎ ቀረ! ማርሽ ባንዱ እሱን እያየ ስለሚነፋ እሱ ሳይነሳ እነሱም አልነፉም። ሌሎቹ ግማሹን ከሄዱ በኋላ ባንኖ ተነሳ። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ረጅም ልጅ አንደኛ ወጣ፤ ሲክስተን የመጨረሻ። የሱፍ ክሩ መሬት ላይ ወድቆ ነው የደረሰው።

ተመልሶ መጣ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እኚያን ሽበታም፣ "አንተ!" አላቸው። "አንተ ሽማግሌ! ተዘጋጁ ሳትል ተኮስክ! ቀማኸኝ!"

አንተ ነው ያላቸው፤ ሰምታችኋል? ማንም አልተቆጣውም። አጎቴ አልቢን ሽጉጡን ሁለት እጃቸው ላይ ይዘው፣ "አላልኩም እንዴ?" አሉ። "ያልኩ መሰለኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ልጁ አላልክም ካለ ምናልባት..." ጌቶቹ ሰዓታቸውን አይተው ወደ ባቡራቸው ሄዱ። ኖርደን ሽጉጡን ከእጃቸው ወሰደ። እኔ፣ "ብለዋል! ተዘጋጁ ሲሉ ሰምቻለሁ!" ብዬ ብጮህ፣ "አሳ ሻጯን ዝም አሰኟት" ተባልኩ። ያ ሰው፣ ስህተት የሌለበት ያ ሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከተማውን ይቅርታ ጠየቁ።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ አይጠየቅ። ሲያልፉ ከኋላቸው "ጧ!" እያለ የሚስቅ ነበር። ደወሉ ሲደወል፣ "እሱም ልክ መሆኑን እንጃ" የሚሉ ነበሩ። ሱረቱን ጭራሽ ተዉት፤ ራሳቸውን መቅጣታቸው ነው። ሲቆዩ ሲቆዩ እኔ ጋ ይመጡና በቀስታ ይጠይቁኛል።

"ቴክላ፣ አንቺ መነሻው ጋ ነበርሽ። ተዘጋጁ አላልኩም?"

"ብለዋል አጎቴ አልቢን! በእናቴ አጥንት እምላለሁ።"

"ደግ ስለሆንሽ ነው እንዲህ የምትይኝ" ይሉኛል።

ደግ! እኔን ደግ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ወንድሜ ደግሞ ይህን ሁሉ እያየ እንቁላሉን ይጠጣል። አንድም ቀን፣ "ምናልባት እኔ ነኝ የቀረሁት" አላለም። የስንፍናውን ነገር፣ የጉራውን ነገር ይቅር እለው ነበር፤ እቺን ግን አንጀቴ አልችል አለ።

በዚያው ዓመት የሰኔ በዓል ኖርደን ራሱ አስጀማሪ ሆነ። ሲክስተን ሦስተኛ ወጣ። የመሰንጠቂያው ሠራተኛ ሂልዲንግ፣ ሙሉ ቀን ሳንቃ ሲሸከም ውሎ የመጣ ሰው፣ ጥሎት ሄደ። "ኖርደን የሚተኩሰው በግራ እጁ ነው፤ ድምፁ ይጣመማል" አለ ሲክስተን፣ ጆሮውን እያሸ። በመስከረምም ተሸነፈ። ከተማው ለቅሶ ላይ ነው፤ ማርሽ ባንዱ የሚነፋለት አጣ። በሚቀጥለው ሰኔ እንግዲህ ኖርደንና ሲክስተን መከሩና አጎቴ አልቢን ይመለሱ ተባለ። ወንድሜ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ "ይቅር ብዬዋለሁ" አለ። ሰው አጨበጨበለት! እኔ መሬቱ ላይ ትፍ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አጎቴ አልቢን መጡ። ሽጉጡን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

"እፈራለሁ ቴክላ። ልጁን እንደገና ብበድለውስ?"

ከጨው ዕቃው ኋላ ቆርቆሯቸውን አወጣሁ። አዲስ ሱረት ሞልቼባት ነበር። "እንኩ።"

"ትቼዋለሁ እኮ።"

"ለዛሬ ይያዙት። አጎቴ አልቢን፣ ያን ቀን የበደሉት እርስዎ መሆንዎን አለመሆንዎን ማወቅ ይፈልጋሉ?"

"ሌላ ምን እፈልጋለሁ ልጄ!"

"እንግዲያው እንደ ድሮዎ ያድርጉ። ተዘጋጁ ይበሉ፣ ሱረቱን ይወትፉ፣ ጣትዎን ይጥረጉ። ከዚያ ግን አይተኩሱ፤ ዓይንዎንም አይጨፍኑ። አባታችን ሆይን በልብዎ ይድገሙና ሲጨርሱ ይተኩሱ።"

ቆርቆሮዋን እያገላበጡ አሰቡ። "ማታለል አይሆንም?"

"አስጀማሪ ሁሉም እስኪረጋ መጠበቅ አይችልም?"

"ይችላል። ግዴታው ነው እንጂ።"

"በቃ፣ ይጠብቁ።"

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞላ። ሲክስተን አካፋውን አወጣ፣ ማሰ፣ አፈሩን በጣቱ አስተካከለ። ለሰዉ እጁን አወዛወዘ። ከጎኑ ሂልዲንግና ሁለት የመሰንጠቂያው ልጆች ናቸው። እኔ የአሳ ሳጥኔ አጠገብ ቆሜ አያለሁ።

"ቦታችሁን ያዙ!" አሉ አጎቴ አልቢን። "ተዘጋጁ!" ሽጉጡ ሽቅብ ወጣ። ሱረቱ ተወተፈ። ጣታቸው ሱሪያቸው ላይ ጥርግ አለ።

ሲክስተን ተወረወረ! ተኩስ የለ፣ ምን የለ፣ ብቻውን ተፈትልኮ ወጣ። ማርሽ ባንዱ እሱን እንዳየ መንፋት ጀመረ። አጎቴ አልቢን፣ "ተመለስ! ተመለስ!" ቢሉ በዚያ ሁሉ መለከት ማን ይስማቸው? ሂልዲንግና ሁለቱ ልጆች ጣታቸውን መሬት ላይ እንዳሳረፉ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል። እሱ ይበራል። ግማሹ ጋ ሲደርስ መለከቶቹ ነገሩ ገብቷቸው አንድ ባንድ ቆሙ፤ ክላርኔቱም ጢጥ ብሎ ዝም አለ። ትልቁን ከበሮ የሚመታው ሰውዬ ብቻ ዓይኑ ደካማ ነበርና እስከ መጨረሻው ደለቀለት። ሲክስተን ደረቱን ሰጥቶ ክሩን በጠሰ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

የሚጮህለት ሰው አልነበረም። ዞር ብሎ አየ። መሙ ባዶ ነው። ተወዳዳሪዎቹ እዚያ ማዶ እንደተቀመጡ ናቸው።

"ሲክስተን!" ብሎ ተጣራ ሂልዲንግ ከጉድጓዱ ሳይነሳ። "ስትመለስ ውሃ ይዘህልን ና!"

የዚያን ጊዜ ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ሲክስተን ፊቱ በርበሬ መስሎ እየተራመደ መጣ፤ ኖርደን ከኋላው ቱስ ቱስ ይላል። "ምን ያስቃችኋል? ተተኩሷል! ተተኩሷል እኮ!" ይላል ወንድሜ።

አጎቴ አልቢን ሽጉጡን ሽቅብ እንደያዙ ናቸው። "አባታችን ሆይን ገና አልጨረስኩም" አሉ።

ከዚያ ሽጉጡን አውርደው ለኖርደን ሰጡት። ኖርደን ከፈተው፤ ጥይቱ እንዳለ ነው። አፈሙዙን አሸተተ፤ የባሩድ ሽታ የለም። "አልተተኮሰም" አለ በደከመ ድምፅ። ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። ሰው ሁሉ ሲክስተንን ትቶ ያየው አጎቴ አልቢንን ነበር። መጀመሪያ ሂልዲንግ ተነሳና ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ የከበሮው ሰውዬ፣ ከዚያ ሌሎቹ። እሳቸው መጥተው የአሳ ሳጥኔ ላይ ቁጭ አሉ።

"አልበደልኩትም፣ ቴክላ" አሉኝ። ሱረቱ ከእንባቸው ጋር በአገጫቸው ይወርዳል። "አልበደልኩትም።"

በሽርጤ ጠረግኩላቸው። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የማጨሻው እሳት ላይ አጎንብሼ ሳለ ከኋላዬ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ሲክስተን ነው። ሁለት ባልዲ ውሃ ቀድቶ አምጥቶ አስቀመጠ። ያ ልል መሆን ያለበት ትከሻ ረጥቧል። እኔ ማታውን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ አፌን ከፈትኩ።

"ቴክላ" አለኝ ቀድሞ። "ተኩሱን ሰምቼዋለሁ።"

"ሂድ ወዲያ!"

"እውነቴን ነው። ጧ ሲል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። የማጣሪያው ቀን ደግሞ ምንም አልሰማሁም። ተዘጋጁንም አልሰማሁም፣ ተኩሱንም አልሰማሁም። ሁሉም ሲሄዱ ምን ሆነው ነው ብዬ ነበር የማያቸው።"

ዞሬ ጆሮውን አየሁ። እጁ የባልዲው እጀታ ላይ ነው፤ አላሸም። ያን ቀን አጎቴ አልቢን ላይ ሲጮህም እጁ ጆሮው ላይ እንዳልነበረ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

"እንግዲያው ይህን ሁሉ ዓመት" አለ፣ "እኔ ስሰማ የኖርኩት ምንድን ነው?"

እንጨቱን እሳቱ ላይ ጨመርኩ።

"ሂድና ይህንኑ ለእሳቸው ንገራቸው" አልኩት በመጨረሻ። "እርስዎ በላቸው።"

አካፋዋን ከነማኅደሯ ከወገቡ ፈታና ጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጣት። ከዚያ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ደወሉ ቤት የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ አየሁት። አልሮጠም።